የነዳጅ ግብርና የትንሽ አውሮፕላን ኪራይ፦ ወሎ ላይ ሒሳቡ ለምን ያብጣል?

ደሴ ላይ ቤንዚን በጨመረ ቀን የባጃጅ ሒሳብ አብሮ ይጨምራል። እስከ ማግስቱ እንኳ አይታገስም። ከማደያ ሰልፍ የወጣ ሾፌር ገና ፒያሳ ሳይደርስ አዲሱን ዋጋ ይጠራል። ተሳፋሪው ይከራከራል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይከፍላል። ይኼን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

የትንንሽ አውሮፕላኖች ኪራይ ግን የማንም ወሬ አይደለም። "ደግሞ አውሮፕላን የሚከራይ ማን አለ?" የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ። ላሊበላን በሁለት ቀን አይቶ መመለስ የሚፈልግ የቱሪስት ቡድን አለ፤ ቁጥሩ ባለፉት ዓመታት ቢሳሳም አልጠፋም። ሐረጎን ወርዶ፣ ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ የማይሰጠው በሽተኛ አለ። ካርታ የሚያነሳ፣ የእርዳታ ሥራ የሚከታተል አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንበጣ አለ።

የ2013ን መግቢያ የቆቦና የሐብሩ ገበሬ አይረሳውም። የቃሉም እንደዚያው። ማሽላው ለአጨዳ ሲቃረብ ሰማዩ ጠቆረ። ሰው ቆርቆሮ ደበደበ፣ ጅራፍ አጮኸ፣ ጭስ አጨሰ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረሃ አንበጣ መንጋ በቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ነው። ይህን በጅራፍ መመለስ አይቻልም። ዋናው መሣሪያ ዝቅ ብሎ እየበረረ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ነው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ደግሞ የሚከፈልበት በበረረው ሰዓት ልክ ነው። የሰዓቱ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር በያዙት በጀት የሚረጨው ማሳ ያንሳል።

ስለዚህ የነዳጅ ግብር የትንሽ አውሮፕላን ኪራይን እንዴት ያንረዋል የሚለው ጥያቄ የባለጸጋ ብቻ አይደለም። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ሁሉም የሚከራከረው ስለ ግብሩ መቶኛ ነው፤ ወሎን የሚጎዳት ግን ያ መቶኛ የሚባዛበት የሊትር ብዛት ነው።

መጀመሪያ ነዳጁን እንየው። እንደ ሴስና 172 ያሉት ፒስተን ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች የሚጠጡት አቭጋስ የሚባል ልዩ ቤንዚን ነው። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ሰማያዊ ቀለም አለው። ከመኪና ቤንዚን እርሳስ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ከዚህኛው ግን እስካሁን አልወጣም። አንድ ሴስና 172 በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ያቃጥላል። ሁለተኛው ወገን ተርቦፕሮፕ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የጄት ዓይነት ተርባይን ሞተር ነው። ከእነዚህ ውስጥ አፍሪካ ላይ የሚበዛው ሴስና ካራቫን ነው፤ አንድ ሞተር፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት መቀመጫ። ነዳጁ ጄት ኤ-1 ሲሆን እሱም በደንብ የተጣራ ላምባ ማለት ነው። በሰዓት ወደ 190 ሊትር ይፈልጋል።

አቭጋስ ገበያው ጠባብ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች በበርሜል ነው የሚገባው፤ ዋጋውም ከጄት ነዳጅ በብዙ ይበልጣል። ግብር በመቶኛ ሲሰላ ደግሞ ውድ ነገር ላይ ብዙ ብር ይሆናል። ከዚህ በታች የማሰላው ግን በካራቫን ነው። ቻርተር ሲባል፣ ማለትም አውሮፕላኑን በሙሉ በኮንትራት መያዝ፣ ወደ ወሎ ሰው የሚጭነው እንዲህ ያለው ነውና።

አሁን ወደ ግብሩ። ነዳጃችን ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ ነው፤ አንዲት ጠብታ የራሳችን የለችበትም። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የዋጋ ማስተካከያ ሲያወጣ ሰው ቤንዚንና ናፍጣን አይቶ ወረቀቱን ይተወዋል። ዝቅ ብሎ የአውሮፕላን ነዳጅም እዚያው ላይ ተጽፏል። መንግሥት ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ መጥቷል። ከዚያ በ2017 በጀት ዓመት ቫትና ኤክሳይዝ ታክስ ወደ ነዳጅ ዋጋ ስሌት መግባት ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በመስከረም 2017 መጨረሻ በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ። ታኅሣሥ ሲያልቅ 101 ብር ከ47 ደረሰ። በሦስት ወር ውስጥ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግብር በግብር ላይ መቆለሉን ነው። መጀመሪያ ኤክሳይዝ ይጨመራል። ቫት የሚሰላው ኤክሳይዙ ከተጨመረበት በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ነው። ሁለቱም 15 በመቶ ናቸው ብለን እናስብ። 100 ብር የነበረው ሊትር መጀመሪያ 115 ይሆናል። ከዚያ በ115 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 132 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። 15 ሲደመር 15 ሠላሳ ነው ብሎ የገመተ ሰው ሁለት ብር ከሩብ ጎድሎበታል። በሊትር ሁለት ብር ለባጃጅ ኢምንት ነው። በሰዓት 190 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር ግን ከ400 ብር በላይ ነው።

የኪራዩ ዋጋስ በዚያው በ32 በመቶ ያድጋል? አያድግም። የአውሮፕላን ኪራይ ውስጥ ነዳጅ አንዱ ወጪ ብቻ ነው። የአብራሪ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የማረፊያ ክፍያ፣ የሞተር እድሳት አለ። የካራቫን ሞተር በተለመደው አሠራር በ3,600 ሰዓት አንድ ጊዜ ወርዶ ይታደሳል። ባለቤቱ ለዚያ ቀን እያለ ከየሰዓቱ ኪራይ ላይ ይቆጥባል። ስለዚህ ነዳጁ ከኪራዩ ሲሶውን ይይዛል ካልን፣ 32 በመቶ የነዳጅ ግብር ኪራዩን ከፍ የሚያደርገው በ11 በመቶ ገደማ ነው። "ነዳጅ ጨምሯል" ብሎ ኪራዩን በእጥፍ የሚያሳድግ አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የአውሮፕላን መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስ፣ ራሱ ነዳጁ የሚገዛው በዶላር ነው። እውነቱን ለመናገር ከግብሩ ይልቅ አከራዮችን ያንገዳገደው ይኼኛው ነው ባይ ነኝ። ግን ሁለቱ ተነጣጥለው አይሠሩም። ግብሩ በመቶኛ እስከሆነ ድረስ የዶላር ዋጋ ሲያድግ ግብሩም አብሮ ያድጋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ከአቭጋስ የሚሰበስበው በጋሎን 19 ነጥብ 4 የዶላር ሳንቲም ነው፤ ነዳጁ ቢወደድም ቢረክስም ያው ነው። የኛ አገር አከራይ እንዲህ ያለ እረፍት የለውም።

አሁን ዋናው ጣጣ ጋ ደረስን።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ መኪና ኮንትራት ስትይዙ ሾፌሩ የሚላችሁ ነገር አለ፤ "ባዶዬን እኮ ነው የምመለሰው።" መልሱንም ያስከፍላችኋል፤ ትከፍላላችሁም፣ ምክንያቱም እውነቱን ነው። የአውሮፕላን ኮንትራትም ከዚህ አይለይም። ቻርተር አውሮፕላኖች የሚያድሩት አዲስ አበባ ነው እንበል። ከቦሌ ላሊበላ በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መውጣቱንና ለማረፍ መዞሩን ጨምሮ ለካራቫን አንድ ሰዓት ከሩብ ብንሰጠው ወደ 240 ሊትር ያቃጥላል። ደርሶ መልስ 480።

ተሳፋሪዎቹ ላሊበላ ሁለት ሌሊት የሚያድሩ ከሆነስ? አውሮፕላኑ እዚያ ሊጠብቃቸው ይችላል። ያኔ የአብራሪው አበልና አልጋ አለ፤ ብዙ አከራዮችም ለቆመ አውሮፕላን በቀን የተወሰነ ዝቅተኛ የበረራ ሰዓት ያስከፍላሉ። ካልጠበቀ ባዶውን ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቀን ባዶውን ይመጣል። ያኔ በረራው አራት ሆነ። ሊትሩ 960 ገባ።

በሊትር 20 ብር ግብር አለ እንበል። በመጀመሪያው ሒሳብ ግብሩ 9,600 ብር ነው። በሁለተኛው 19,200። ዘጠኝ ሰው ቢካፈለው በመጀመሪያው ለአንድ ሰው ወደ 1,070 ብር፣ በሁለተኛው ወደ 2,130 ብር ይደርሰዋል። የግብር አዋጁ ላይ አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። ወንበሩም፣ ተራራውም፣ መንገዱም ያው ነው። ግማሹ ግብር የተከፈለው ማንም ላልተሳፈረበት በረራ ነው።

በሽተኛ ሲሆን ደግሞ አማራጭ የለም። አውሮፕላኑ ባዶውን ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ታማሚውን ይዞ ይመለሳል። ቤተሰብ አዋጥቶ፣ ዘመድ ከውጭ ልኮ በሚከፍለው ገንዘብ ውስጥ የባዶው መምጫ ነዳጅ ከነግብሩ አለ። ፕሮፎርማው ላይ ግን አንድ ድምር ብቻ ነው የሚታየው።

ስለ ፕሮፎርማ ካነሳን አይቀር፣ ኪራዩ ከነነዳጁ ነው ወይስ ያለ ነዳጅ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። ከነነዳጁ ከሆነ የዋጋ ለውጡን የሚሸከመው አከራዩ ነው፤ ስለዚህም ስጋቱን አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ይከታል። ያለ ነዳጅ ከሆነ ደረሰኙን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ነዳጅ ሲጨምር የናንተ ዕዳ፣ ሲቀንስ የናንተ ትርፍ። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ኪራዩ ከነነዳጁ ሆኖ "የነዳጅ ጭማሪ" የሚባል መስመር ለብቻ ይገባል። ይህ መስመር ሲገባ ሳይዘገይ ይገባል። ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

ከፍታውም የራሱ ግብር አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የላሊበላ ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ክንፍም ሞተርም ይደክማሉ። ስለዚህ ታንከርን ሞልቶ ወንበርንም ሞልቶ መነሣት አይቻልም። አብራሪው የመልሱን ነዳጅ ከቦሌ ይዞ መሄድ ካለበት 240 ሊትር ማለት 190 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሰው ከነሻንጣው መሆኑ ነው። ሁለት ወንበር ባዶ ሲሄድ ኪራዩም ግብሩም የሚካፈለው በቀሩት ላይ ነው። ተጨማሪው ክብደት ራሱ ሌላ ነዳጅ ያስበላል፤ ያም ነዳጅ ይቀረጣል።

ቫቱ ላይ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቫት በተፈጥሮው መጨረሻ ላይ ያለው ተጠቃሚ የሚከፍለው ነው። ነጋዴው ሲገዛ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። ይህ የሚሆነው ግን የሚሸጠው ነገር ቫት የሚከፈልበት ከሆነ ነው። አገልግሎቱ ከቫት ነፃ ከተደረገ ነዳጅ ላይ የከፈለውን ቫት ማስመለስ አይችልም፤ ወጪው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 285/1994 የትራንስፖርት አገልግሎት ከቫት ነፃ ነበር። አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የነፃዎቹን ዝርዝር አጥብቧል። ሰው "ነፃ" ሲባል ደስ ይለዋል። ቻርተር ለሚከራይ ድርጅት ግን፣ በተለይ ራሱ ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ፣ ቫቱ በግልጽ ተጽፎ ቢመጣለት ይሻለዋል፤ እሱም በተራው ያቀናንሰዋልና። የግል ቱሪስትና በሽተኛ ግን በሁለቱም በኩል ከፋይ ናቸው።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖችስ? እነሱ ዘመድ አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ ወደ ሌላ አገር የሚገባ አውሮፕላን ታንከሩ ውስጥ ይዞት የመጣው ነዳጅ እንዳይቀረጥ ከልክሏል። አገሮች ሁለት ለሁለት የሚፈራረሟቸው የአየር አገልግሎት ስምምነቶች ደግሞ እዚያው የሚሞላውንም ነዳጅ ነፃ ያደርጉታል። በዚህ የተነሳ ዓለም አቀፍ በረራ ባመዛኙ የነዳጅ ግብር አያውቅም። አገር ውስጥ በረራ ላይ ግን እያንዳንዱ መንግሥት እንደፈለገ ነው። ከቦሌ ናይሮቢ የሚሄደውና ከቦሌ ላሊበላ የሚሄደው በአንድ ማኮብኮቢያ ተነሥተው በሁለት ሕግ ይበራሉ። ትንሿ ካራቫን ዕድሜዋን የምትጨርሰው አገር ውስጥ ነው።

አውሮፓም ይህን አልፈታውም። እዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2003ቱ የኢነርጂ ግብር መመሪያ ለአየር በረራ የሚውል ነዳጅን ነፃ ሲያደርግ ለግል መዝናኛ የሚበረውን አስቀርቷል። ጥያቄው ወዲያው ኪራይ ላይ መጣ። አውሮፕላኑን ከነነዳጁ ለድርጅቶች የሚያከራይ ሰው ነፃ ነው ወይ? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጀርመን በመጣ ጉዳይ መልስ ሰጠ። ተከራዩ ራሱ ለሌላ ሰው የአየር አገልግሎት እየሸጠ ካልሆነ ነፃነቱ የለም አለ። ማለትም ነዳጁ የሚቀረጠው ወይም የማይቀረጠው ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው ጉዳይ ተመዝኖ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት መለያ ቢኖር አንበጣ የሚረጨውና በሽተኛ የሚያመላልሰው አንድ ወገን፣ ለሽርሽር የሚበረው ሌላ ወገን ይሆን ነበር። ሐሳቡ አይከፋም። ተግባሩ ግን ይከብዳል፤ ጠዋት በሽተኛ አምጥታ ከሰዓት ቱሪስት የምትጭነውን አውሮፕላን ታንከሯን ለሁለት ከፍሎ የሚቆጣጠር ሰው ከየት ይመጣል? ነፃ ነዳጅ የሚባል ነገር ደግሞ የት እንደሚደርስ በሃይላንድ እየተቸረቸረ ያየነው ቤንዚን አስተምሮናል።

አንበጣው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ርጭቱን የሚከፍለው መንግሥት ከሆነ፣ የነዳጅ ግብሩን ለራሱ ነው የሚከፍለው። ከግብርና በጀት ወጥቶ ወደ ገቢዎች ይገባል፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው። ለአገር ሒሳብ ምንም ማለት አይደለም። ለግብርናው ግን ነው። መንጋው ሐብሩ ላይ ባረፈበት ሳምንት በጀቱ አልቆ ከሆነ ገቢዎች የሰበሰበው ገንዘብ ማሽላውን አያድነውም።

እንግዲህ ወሎ ምን ታድርግ? ግብሩን ማስቀነስ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ ክርክሩም ረጅም ነው። ሊትሩን መቀነስ ግን እዚሁ ሊታሰብ ይችላል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ መደበኛ በረራም ያርፍበታል። ከጅቡቲ በሚሌ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ ኮምቦልቻን ያገኛታል። ስለዚህ ለኮምቦልቻ የሚሆን ነዳጅ መጀመሪያ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መመለስ አይጠበቅበትም። አንዲት ካራቫን ኮምቦልቻ ላይ ታድራለች፣ ቱሪስቶቹም እዚያ ድረስ በመደበኛው በረራ ይመጣሉ እንበል። ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአየር 130 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለካራቫን ከ35 ደቂቃ አይበልጥም፤ 110 ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት የሚያድሩትን ቱሪስቶች አድርሳ ባዶዋን ብትመለስ፣ ባዶዋን መጥታ ብታመጣቸው እንኳ አራቱ በረራ በድምሩ 440 ሊትር ነው። ከቦሌ አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ ከሚያስፈልገው ያንሳል። በሊትር 20 ብር በሚለው ሒሳባችን ግብሩ ከ19,200 ወደ 8,800 ይወርዳል። ማንም ምንም ነፃ ሳያደርግ። ለአንበጣ ደግሞ መንጋው ከአፋር በኩል ወደ ባቲና ቃሉ ሲወጣ አውሮፕላኑ ጎረቤት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህን ስል ሰው የሚያነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ትክክልም ነው። አንበጣ በየዓመቱ አይመጣም። ቱሪስቱ በገና ሰሞን ይበዛል፣ ክረምት ይጠፋል። ኮምቦልቻ የሚያድር አውሮፕላን መካኒክ ይፈልጋል፣ መጠለያ ይፈልጋል፣ ሥራ ፈትቶ ሲቆምም ኢንሹራንሱ አይቆምም። ነዳጁም ቢሆን ማደያ ላይ እንደሚቀዳ ናፍጣ አይደለም። ውሃ እንዳይገባበት በየጊዜው ይፈተሻል፣ ለብቻው ይቀመጣል፣ የሚይዘው ሰው ሥልጠና ይፈልጋል። አንድ ቦቴ 40 ሺህ ሊትር ይዞ ቢመጣ አንዲት ካራቫን ጠጥታ የምትጨርሰው ከ210 ሰዓት በረራ በኋላ ነው። ለአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ብሎ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ አይገኝም። መደበኛው በረራም ኮምቦልቻ ላይ የሚቀዳ ከሆነ ግን ያው ቦቴ የስንት ቀን ነዳጅ እንደሆነ ማስላት ነው፤ ካራቫኗ ከዚያው ማጠራቀሚያ የምትቀዳው ትርፍራፊ ይሆናል።